በቆላው ከችግኙ በፊት የዝናቡ ማረፊያ ይቆፈር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የችግኝ ተከላ ወቅት በደረሰ ቁጥር ጋዜጣችሁ የሚያወጣቸውን ዘገባዎች በጥሞና ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። የምኖረው በድሬዳዋ ሲሆን ሙያዬ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ነው። በዘገባዎቹ ውስጥ ዘወትር የሚቀድመው የተተከለው ችግኝ ብዛት ነው፤ ችግኙ በተተከለበት ቦታ በዓመት ስንት ሚሊ ሜትር ዝናብ እንደሚጥልና የጣለውም ዝናብ ወዴት እንደሚሄድ ግን እምብዛም አይጻፍም። ለደጋውና ለወይና ደጋው ይህ ጉድለት ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል። በቆላውና በበረሃማው የሀገራችን ክፍል ግን ችግኙ መጽደቅ አለመጽደቁን የሚወስነው ይኸው በመሆኑ፣ በዚህ ደብዳቤ አንድ ሐሳብ ለማቅረብ እወዳለሁ፤ ይኸውም ዝናብ አጠር በሆኑ አካባቢዎች የዝናብ ውሃ መያዣው ተቆፍሮ ሳያልቅ አንድም ችግኝ ከችግኝ ጣቢያ መውጣት የለበትም የሚል ነው።

ብዙ ሰው በረሃ ሲባል ዝናብ ጨርሶ የማይጥልበት ቦታ ይመስለዋል። በአፋር ቆላ፣ በሶማሌ ክልል ሜዳዎች፣ በቦረናና በደቡብ ኦሞ ዝናብ ይጥላል፤ የሚጥለው ግን በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በኃይል ነው። ጠብታው ሣር ያልሸፈነውን አፈር ሲደበድበው የደቀቀው ብናኝ የአፈሩን ቀዳዳዎች ይደፍናቸዋል፤ የመሬቱም ገጽ ጠንካራ ቅርፊት ይሠራል። ከዚያ በኋላ የሚጥለው ውሃ መስረጉን ትቶ ተዳፋቱን ተከትሎ ይወርዳል፤ የላይኛውንም ለም አፈር ይዞ ይሄዳል። ዝናቡ ባባራ ማግሥት እንዲህ ባለው ቦታ ላይ አካፋ ይዞ የሚቆፍር ሰው፣ እርጥበቱ ከስንዝር በታች እንዳልወረደ ያያል። ይህን ለድሬዳዋ ነዋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ዓመቱን ሙሉ አሸዋው ብቻ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከበላዩ ባሉት የሐረርጌ ተራሮች በጣለ ዝናብ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ነጥቆናል። በበጋ አንድ ጀሪካን ውሃ ፍለጋ ረጅም መንገድ በሚኬድበት አገር፣ በክረምት ውሃው ራሱ ሰው ይገድላል። የቆላው ችግር የመጣው ውሃ ማረፊያ ማጣቱ ነው ብዬ የምከራከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። በ1 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ ቦታ የተተከለ ችግኝ፣ ከተተከለባት 1 ካሬ ሜትር የሚደርሰው ቢበዛ 200 ሊትር ነው፤ የዚህም አብዛኛው ወይ ይፈስሳል ወይ ይተናል። ከችግኙ በላይ ያለውን 40 ካሬ ሜትር ተዳፋት በአፈር ክትር ከልለን፣ ከሚጥለው ዝናብ ሩብ ያህሉ ብቻ ወደ ችግኙ ጉድጓድ እንዲወርድ ብናደርግ ግን በዓመት 2,000 ሊትር ተጨማሪ ውሃ እናገኛለን። ይህ በ20 ሊትር መያዣ ሲለካ 100 ጀሪካን ውሃ ነው። አህያ ሳይጫን፣ ቦቴ ሳይላክ፣ ነዳጅ ሳይቃጠል በራሱ ቁልቁለት ወርዶ ሥሩ ድረስ የሚደርስ ውሃ ነው። ከተከላ በኋላ በበጋ ችግኞችን በቦቴ ለማጠጣት ሲሞከር በየቦታው አይተናል፤ ቦቴው መንገድ ዳር ላሉት ይደርሳል፤ ከዚያ አልፎ ወደ ተዳፋቱ ሲወጣ አላየሁም።

ልፋቱ ፍሬ የሚያፈራውም ሆነ ከንቱ የሚቀረው በጥቃቅኑ ነገር ስለሆነ፣ አሠራሩን በጥቂቱ ማብራራት ይኖርብኛል። ቁልቁለቱ ከ5 በመቶ ያልበለጠ መሬት ይመረጥና በሁለት ዘንጎች መካከል በተወጠረ ሲባጎ፣ በሲባጎውም መሃል በተንጠለጠለች የውሃ ልክ ይለካል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞቻችን ይህን መሣሪያ ጠንቅቀው ያውቁታል። ከዚያ መሬቱ አንዱ ማዕዘናቸው ወደ ቁልቁለቱ በሚያመለክት አራት ማዕዘኖች ይከፋፈላል፤ የእያንዳንዱ ስፋት እንደ አካባቢው ዝናብና እንደ ዛፉ ዓይነት ከ10 እስከ 100 ካሬ ሜትር ሊሆን ይችላል። ዙሪያው ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የአፈር ክትር ይታጠራል፤ በታችኛው ማዕዘን ላይ ጥልቀቱ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ጉድጓድ ይቆፈራል። ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ለክትሩ ሲውል፣ የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ተቀምጦ ከፍግ ጋር ተደባልቆ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ክትሩ በደንብ ካልተጠቀጠቀ የመጀመሪያው ጎርፍ ይሰብረዋል፤ አንዱ ሲሰበርም ውሃው ኃይል አግኝቶ የበታቹን በተራ ያፈርሳል።

በተደጋጋሚ የማየው ስሕተት ከጉድጓዱ በላይ ያለውን ሜዳ አፈሩ እንዲለሰልስ ተብሎ መቆፈሩ ነው። ያ ሜዳ ውሃ ማፍሰሻ ስለሆነ ጠንክሮ መቅረት አለበት፤ በደጋው የምንጠላው ቅርፊት እዚህ ይጠቅመናል። አተካከሉም የራሱ ጥበብ አለው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ለባለሙያዎች ባሳተመው መመሪያ እንደሚመክረው፣ ቁመታቸው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር የደረሰ ሁለት ችግኞች፣ አንዱ በጉድጓዱ ወለል ላይ፣ ሁለተኛው በጉድጓዱ ጀርባ በተተወ ደረጃ ላይ ይተከላሉ። ዓመቱ ደረቅ ከሆነ የወለሉ፣ ውሃ የሚተኛበት ከሆነ የደረጃው ይተርፋል፤ ሁለቱም ከጸደቁ በሁለተኛው የዝናብ ወቅት ደካማው ይነቀላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አፈሩ ጥልቅ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ቢያንስ 1.5 ሜትር ጥልቀት የሌለው አፈር የተሰበሰበውን ውሃ ይዞ ሊያቆይ አይችልም፤ ከሥሩ ዐለት ባለበት ጉብታ ላይ የሚፈስሰው ጉልበት ሁሉ ይባክናል።

የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ ከጣለ በኋላ ሥራው በትክክል ወደተሠራበት ቦታ የተመለሰ ሰው ልዩነቱን በእጁ ሊለካው ይችላል። ሜዳው በማግሥቱ ደርቋል፤ በየጉድጓዱ ግን ደፍራሽ ውሃ ተኝቷል። ውሃው ሰርጎ ካለቀ በኋላ ወለሉ ላይ ቀጭን የደለል ገበታ ይቀራል፤ እርሱም ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። በዚህን ጊዜ ቀጭን የብረት ዘንግ በሜዳው ላይ ወደ መሬት ቢገፋ ወዲያው ይቆማል፤ በጉድጓዱ ውስጥ ሲገፋ ግን ክንድ ያህል ያለ ችግር ይገባል። የችግኙ ሥር የሚከተለው ያንን እርጥበት ነው። በየጊዜው በላዩ ጥቂት ውሃ የሚረጭለት ችግኝ ሥሩን ከገጹ አጠገብ ይዘረጋና ማጠጣቱ ሲቋረጥ ይደርቃል፤ እርጥበቱ ወደ ታች የወረደለት ችግኝ ግን ሥሩን ወደ ጥልቁ ሰዶ በጋውን ይሻገራል።

ይህ አሠራር አዲስ ግኝት እንዳልሆነ የሚያስረዳው ምሳሌ በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ ይገኛል። አቭዳት በተባለችው ጥንታዊት ከተማ አካባቢ የዓመቱ ዝናብ በአማካይ 100 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ይሁንና ናባታውያን የተባሉት ጥንታዊ ሕዝቦችና ከእነርሱ በኋላ በቢዛንታይን ዘመን የነበሩ ገበሬዎች በዚያ ምድር ወይንና ወይራ ያመርቱ ነበር። ሚካኤል ኤቨናሪ የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፈረሱትን ጥንታዊ እርሻዎች ጠግኖ፣ በጎርፍ ውሃ ብቻ አልሞንድ፣ አፕሪኮትና ፒስታቺዮ አሳድጎ አሳይቷል። ጥንታዊዎቹ ገበሬዎች ለ1 ሄክታር እርሻ ከ20 እስከ 30 ሄክታር የሚደርስ ተዳፋት ለውሃ ማፍሰሻነት ይተዉ እንደነበርም ከፍርስራሹ ተለክቷል። ለእኛ የበለጠ የሚጠቅመው ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ማፍሰሻው ትንሽ በሆነ መጠን ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚገኘው ውሃ ይጨምራል። ውሃው የሚጓዘው ርቀት አጭር ስለሆነ መንገድ ላይ ሰርጎ አያልቅም፤ ሸለቆውን የማያስሞላ ቀላል ካፊያ እንኳ ጉድጓዱ ይደርሳል። ትልቅ ግድብ ለመሥራት አቅም ያጣ ቀበሌ በዶማና በአካፋ ብዙ ሊሠራ የሚችለው ለዚህ ነው። በቤርሼባና በአካባቢዋ የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን በኔጌቭ መንገዶች ዳር ክትር ተሠርቶላቸው የጎርፍ ውሃ እየጠጡ ያደጉ የዛፍ መንደሮችን በየቀኑ ያያሉ፤ ሊማን ይባላሉ፤ የሚጠጡት በክረምት የሚወርደውን ጎርፍ ብቻ ነው።

ከአፍሪካም ምስክር አናጣም። በቡርኪና ፋሶ ሰሜን ያኩባ ሳዋዶጎ የተባለው ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በድርቁ ዘመን ዛይ የሚባሉትን የአባቶቹን ጉድጓዶች አሻሽሎ ፍግ እየጨመረባቸው ቆፈረ፤ ከፍጉ ጋር የመጡት የዛፍ ዘሮችም እህሉ መሃል በቅለው፣ እርሱም እየተንከባከባቸው ደን ሆኑ። በ2018 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። በኒጀርም ገበሬዎች በማሳቸው ውስጥ ሥራቸው ሳይሞት የቀሩትን ጉቶዎች እየጠበቁና እየገረዙ በሚሊዮን በሚቆጠር ሄክታር ላይ ዛፍ መልሰዋል።

ከሁሉ የሚቀርበን ኮንሶ ነው። የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመታት በላይ ሲገነባው የኖረው የድንጋይ እርከን፣ የዝናቡን ውሃና አፈሩን በየደረጃው እያስቀረ ማሽላውንም ሽፈራውንም አብሮ ያሳድጋል። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ጎብኚዎች ተደሰቱ፤ እኛ የሙያው ሰዎች ግን ወደዚያ ሄደን ለመማር የሚገባንን ያህል አልተጋንም። የኮንሶ ሰው ድንጋዩ በወደቀ ጊዜ ሳይውል ሳያድር መልሶ ይክባል። በዘመቻ የተሠሩ ብዙ እርከኖች ያጡት ይህንን ጠጋኝ እጅ ነው።

እዚህ ላይ በ1990ዎቹ አጋማሽ በየገበሬው ማሳ የተቆፈሩትን የውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬዎች የሚያስታውሱ አንባቢዎች "የዝናብ ውሃ ማሰባሰብ ተሞክሮ ከሽፏል" ሊሉ ይችላሉ። ብዙዎቹ ኩሬዎች ከአገልግሎት ውጭ መሆናቸው እውነት ነው፤ ፕላስቲካቸው ተቀደደ፣ ውሃው ሰረገ፣ የቀረውንም ፀሐይ ወሰደችው። በሞቃታማው ቆላ ከተከፈተ ውሃ ላይ በዓመት ከ2 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውሃ ሊተን ይችላል። ከዚያ መማር የሚገባን ግን ውሃውን የት ማጠራቀም እንደሚሻል ነው። ለከብትና ለሰው የሚጠጣ ውሃ ማጠራቀሚያ የግድ ያስፈልገዋል። ለዛፍ የሚሆነው ውሃ ግን ከሁሉ የተሻለ ማስቀመጫው አፈሩ ራሱ ነው፤ አንድ ጊዜ ወደ ጥልቁ ከወረደ በኋላ ፀሐይ በቀላሉ አታገኘውም፤ ፕላስቲክም፣ ፓምፕም፣ ባልዲም አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሕዝባችን ያሳየው ተነሣሽነት የሚያኮራ ነው፤ እኔም ከተካዮቹ አንዱ ነኝ። ነገር ግን ትልቁ ተከላ የሚካሄደው በሐምሌ ነው። ሐምሌ ለጎጃም፣ ለሸዋና ለወለጋ የዝናቡ እምብርት ነው፤ ለአፋርም ካርማ የሚባለው ዋናው ዝናብ የሚገባበት ወር ነው። ለቦረና ግን ሐምሌ አዶሌሳ ነው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ወቅት። የቦረና ዋና ዝናብ ጋና ሲሆን የሚጥለውም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ሁለተኛው ሐገያ በመጸው ይመጣል። በደቡባዊው የሶማሌ ክልልም እንዲሁ ጉ እና ዴር የሚባሉት ሁለቱ ዝናቦች የሚጥሉት በነዚሁ ወራት አካባቢ ነው። በእነዚህ አካባቢዎች ለዘመቻው ሲባል በሐምሌ የሚተከል ችግኝ፣ ከሞቀ ጥላ ቤቱ ወጥቶ በደረቅ አፈር ውስጥ ሁለት ወርና ከዚያም በላይ ዝናብ እንዲጠብቅ የተፈረደበት ነው። የአካባቢው አርብቶ አደር ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ በስብሰባም ላይ ሲናገር ሰምቻለሁ። የሚያዳምጠው ግን የጠፋ ይመስላል፤ ምክንያቱም ሪፖርቱ የሚሞላው በአንድ የቀን መቁጠሪያ ነው።

ሌላም መለያየት አለ። በጥርና በየካቲት የተፋሰስ ልማት ሥራ በሕዝብ ጉልበት ይካሄዳል፤ እርከን ይሠራል፣ ክትር ይገነባል። ተከላው ደግሞ በሌላ ዕቅድና በሌላ ኮሚቴ ይመራል። ባየኋቸው አንዳንድ ወረዳዎች እርከኑ በአንዱ ኮረብታ ላይ ተሠርቶ ችግኙ የተተከለው ምንም ባልተቆፈረበት በሌላው ኮረብታ ላይ ነበር፤ አንዳንዱም ችግኝ ፕላስቲኩ ሳይወልቅለት ተቀብሯል። ጉልበቱ አለ፣ ችግኙም አለ፤ ሁለቱን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ሰው ነው የጠፋው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ለማኅበረሰብ ሥራ የሚከፍለው ጉልበትም ለዚሁ ሊውል ይችላል።

ምን ይተከል የሚለውም በችኮላ የሚወሰን አይደለም። በ1970ዎቹ ወደ መካከለኛው አዋሽ የገባው ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ መጤ ዛፍ የአፋርን የግጦሽ መሬት ምን ያህል እንደወረሰ አርብቶ አደሩ በየቀኑ እያየው ነው፤ ውሃ ባገኘ ቁጥር ይበረታል፤ ፍሬውን የበሉ ከብቶችም ዘሩን በእበታቸው ይበትኑታል። ለቆላው ግራር፣ ቁርቁራና በደኖ አሉን፤ ሙጫና ዕጣን የሚሰጡ ዛፎችም አሉን። የሀገሬው ሰው ጥቅማቸውን ያውቃል፤ ከብቱና ግመሉም ቅጠላቸውን ይበላል። ለከብቱ ማለፊያ ሳይተው፣ ከአገር ሽማግሌዎች ጋርም ሳይመከርበት የግጦሽ መሬት ላይ ጉድጓድ መቆፈር ጠብ ማምጣት ነው። በተዳፋቱ ላይ የተያዘው ውሃ ከታች በጎርፍ መስኖ ለሚያርሰው ገበሬ የማይደርስ ሊሆን እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም፤ ስለዚህ የላዩና የታችኛው ቀበሌ በአንድ ላይ ተቀምጠው የሚወስኑት ጉዳይ ነው። ቦታው ከተከለለ በኋላ መጀመሪያ የሚመለሰው ሣሩ ነው፤ በማጭድ ታጭዶ ለጥገት ላምና ለጥጃ ቢሰጥ ኅብረተሰቡ ዛፉ እስኪያድግ የሚታገሥበት ምክንያት ያገኛል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በደቡብና በምሥራቅ ሀገራችን አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው ከብቱ አለቀ። በ2016 ዓ.ም. መጸው ደግሞ በሶማሌ ክልል ያው የተጠማው ምድር በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ያንን ውሃ ከፊሉን እንኳ ለመያዝ ዝግጅቱ የሚጀመረው ሰማዩ ደረቅ ሳለ ነው። ለመጋቢቱ ዝናብ የሚደርስ ችግኝ 30 ሳንቲ ሜትር እንዲሞላ ዘሩ በመስከረምና በጥቅምት በችግኝ ጣቢያ መዘራት አለበት፤ የቦታ መረጣውና የውሃ ልኩ በኅዳር፣ ቁፋሮው በታኅሣሥና በጥር ተከናውኖ፣ ክትሮቹ ተጠቅጥቀው እስከ የካቲት አጋማሽ መጠናቀቅ ይኖርባቸዋል። የቦረና፣ የደቡብ ኦሞና የሶማሌ ክልል ግብርና ቢሮዎች ለየወረዳዎቻቸው ይህንን የመሰለ፣ የራሳቸውን ዝናብ የተከተለ የጊዜ ሰሌዳ እንዲያወጡ፣ በጀቱም ከችግኙ ግዢ በፊት ለቁፋሮውና ለጥገናው እንዲመደብ እጠይቃለሁ። ጋዜጣችሁም ዘጋቢዎቹን በተከላው ዕለት ከሚልክባቸው ቦታዎች ጥቂቶቹን መርጦ፣ ከሁለተኛው በጋ በኋላ መልሶ ቢልካቸውና ከተተከለው ስንቱ እንደጸደቀ ከነቦታው ስም ቢያትምልን፣ እኔም በሙያዬ በድሬዳዋ ዙሪያ ላሉት ቦታዎች ቆጠራውን ለማገዝ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣

የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ
ከድሬዳዋ